ጅቡም ሁዳዴን ይቆጥራል

ስሙኝማ ጎረቤቶቼ፤ ወንበሩን ጠጋ ጠጋ አድርጉና ተቀመጡ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አያ ጅቦ ነው። የእሱ ወሬ ከተነሣ ደግሞ ውሻው፣ አህያዪቱ፣ ጥንብ አንሳውና ላሚቱ ተከታትለው መግባታቸው አይቀርም፤ አንዱን ነጥሎ ማውራት አይቻልም። አገሩ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ከቄራ ቁልቁል ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ላፍቶ፣ ከዚያ ለቡና ጀሞ፣ ወዲያ ደግሞ ሃና ማርያም።

ጊዜው ቅበላ ነው። ሁዳዴ ሊገባ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። የጀሞ ሥጋ ቤቶች ከጠዋት ጀምሮ ሰው ቆሞባቸዋል። ባለ ነጭ ጋዋኑ ቆራጭ ቢላውን በመሳያው ላይ እያንሸራተተ «ከሽንጡ ነው ከሻኛው?» ይላል፤ ደንበኛው «ከሁለቱም» ይላል። ምን ያድርግ፣ 55 ቀን ሊጾም ነው! የሁለት ወሩን ሥጋ በአንድ ሳምንት ካልጨረስኩ ብሎ ተነሥቷል። ጥብሱ በሸክላ እየተንቸሰቸሰ ይወጣል፣ ድራፍቱ ይቀዳል፣ ሒሳብ ላይ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ይባላል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ቤቱ ይዘጋና አጥንቱ፣ ጅማቱ፣ ሞራው በማዳበሪያ ታስሮ ከደጅ ይወጣል።

ያን ጊዜ ነው አያ ጅቦ ከወንዝ የሚወጣው።

ወንዙ ትንሹ አቃቂ ነው። ከላይ ከተራሮቹ ተነሥቶ የከተማውን እድፍ ሁሉ ተሸክሞ በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። ዳሩ ላይ ጎመንና ቆስጣ ይበቅላል፤ ገደሉ ላይ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ብሏል፤ ከቁጥቋጦው ሥር ደግሞ ቀን ቀን የሚተኛበት ጎሬ አለ። አያ ጅቦ ከዚያ ወጥቶ አስፋልቱን ግራና ቀኝ አይቶ ያቋርጣል። አዎ፣ አይቶ! ቀለበት መንገድ ላይ ሳያይ የተሻገረው ጅብማ ለልጅ ልጅ አልበቃም። የፊት እግሩ ረጅም፣ የኋላው አጭር ስለሆነ ሜዳ ላይ ሲሄድም ዳገት የሚወጣ ይመስላል። ማዳበሪያውን በጥርሱ ነክሶ ወደ ጨለማው ይጎትትና እዚያ ተረጋግቶ ይቀመጣል። የበሬ ጭን አጥንት ሲሰብር ድምፁ ሁለተኛ ፎቅ የተኛውን ሰው ይቀሰቅሳል። ሰውየው ግን አይነሣም። «ጅቡ ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ይስባል።

አያ ጅቦ የምንለውም በልማድ ነው እንጂ የመንጋው አዛዥ ሴቷ ናት። ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ቀድማ ትበላለች፤ ትንሽ ግልገሏ እንኳ በማዕረግ ከጎልማሳ ወንድ ይበልጣል። ይህን የሰሙ እናቶች ሁሉ ሲስቁ አይቻለሁ።

ከዚያ ሰኞ ይመጣል። ጾሙ ገባ። ሥጋ ቤቱ በሩን ይዘጋል፤ ቆራጩ ቤተሰብ ሊጠይቅ አገር ቤት ይሄዳል። የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ነው፤ ነገር ግን ያ ሁሉ የአጥንት ክምር ከዚህ ብቻ አይገኝም። አያ ጅቦ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ ብሎ አይመርጥም፤ በዚህ አገር በሁለቱም ማዕድ ያለ ይሉኝታ የሚቀርብ እሱ ሳይሆን አይቀርም። በየደጁ አሁን የሚወጣው የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የሽሮ ድስት እጣቢ ነው። ጅብ ሽሮ አይበላም።

ታዲያ ምን ይበላል? ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙ ሰዎች አሉ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴ ውስጥና ከፋሲካ በኋላ የጅብ እዳሪ እየለቀሙ በውስጡ ያለውን ጸጉር መረመሩ። ሥራው አያስቀናም፤ ውጤቱ ግን ያስደንቃል። ከጾሙ በፊት የአህያ ጸጉር ድርሻ 15 ከመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በጾሙ ውስጥ ወደ 33 ከመቶ አሻቀበ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወደ 22 ከመቶ ተመለሰ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታተም ፈረንጁ ሁሉ ተገረመ፤ የኛ ባላገር ግን ድሮውንም በሁዳዴ አህያውን በጊዜ ነበር የሚያስገባው። እኛ ሥጋ ስንተው አያ ጅቦ አህያ ይጀምራል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ አህያዪቱ ልውሰዳችሁ።

ለቡ ላይ አንድ ጅምር ሕንፃ አለ፤ ጥበቃው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ማታ ማታ የመዝጊያና የመስኮት ቁርጥራጭ እንጨት አንድደው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። በዚያ ሰሞን አንዲት ግራጫ አህያ እየመጣች ከእሳቱ አጠገብ መቆም ለመደች። ዕድሜ ልኳን አሸዋና ብሎኬት ስትሸከም ኖራ ጀርባዋ ገጥቧል፤ የኋላ እግሯ ያነክሳል። አርጅታ መሸከም ሲያቅታት ባለቤቷ ሜዳ ላይ ለቋታል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ባሏስ ይሁን፣ አቅም አንሶት ነው፤ ጌታዋ ግን በር መዝጋት እንዴት ያቅተዋል?

እዚያው ሕንፃ ላይ የሚያድር አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ አለ። አንድ ማታ እንዲህ አላቸው፦

«ጋሼ፣ ይህቺን አህያ ለምን አያባርሯትም? ጅብ ታመጣብናለች።»

«ጅቡማ እሷ ባትኖርም ይመጣል፣ ልጄ።»

«ታዲያ ይዘናት እንጠብቃለን?»

«እሷ ካለች ወደኛ አያይም።»

ልጁ ሳቀ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ቆይተው ከምሳ ዕቃቸው የተረፈውን ደረቅ እንጀራ አወጡና ዘርግተው ሰጧት። ከንፈሯን አሹላ በጥንቃቄ ከመዳፋቸው አነሣችው። ሁዳዴ ሲጋመስ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ከአሸዋው ክምር ጀርባ አራት ኮቴና የታችኛው መንጋጋዋ ተገኘ። ሌላው ሁሉ ተበልቷል፤ አጥንቱም ጭምር። የቀን ሠራተኞቹ ኮቴውን በአካፋ ጠርገው ሥራ ጀመሩ፤ ያን ቀን አርማታ የሚሞላበት ቀን ነበር።

በአህያ ቁጥር ከዓለም አንደኛ እኛ ነን። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፈተ ሲባል ሕዝቡ እንዴት እንደተቆጣ ታስታውሳላችሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ቆዳዋን ቀቅለው መድኃኒት የሚያደርጉ ቻይኖች በየአገሩ እየፈለጓት ስለነበር ነገሩ በአፍሪካ ደረጃ ተነሣ፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከሣር ቤት ብዙም በማይርቀው በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ የአህጉሩ መሪዎች የአህያ ቆዳ ንግድን የሚያግድ ውሳኔ አሳለፉ። እሰየው ነው። ውሳኔው ግን ከቻይና ነጋዴ እንጂ ከለቡ ሜዳ አያድናትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ጅቡን ወደድከው እንዴ?» የሚለኝ አለ። ኧረ እኔ ጅብ ወዳጅ አይደለሁም። አያ ጅቦ ሰው አይነካም ብዬም አልዋሽም። በረንዳ ላይ ለሚያድረው፣ ልጇን በላስቲክ መጠለያ ውስጥ ታቅፋ ለምትተኛው እናት ጅብ የተረት እንስሳ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በመሀል ከተማው አዳኞች ተልከው 10 ጅብ ተገድሏል፤ ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ውስጥ ያለው ጅብ ከ300 እስከ 1,000 ይሆናል ተብሎ ይገመት ነበር። በር ቆልፎ የሚተኛ ሰው ለጅብ ቢራራ ዋጋ አያስከፍለውም።

ሌላውንም ወገን ግን ልንገራችሁ። ይኸው ጊደይ ይርጋ ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በመቀሌ ከተማ ዙሪያ ያሉ ጅቦች ምን እንደሚያነሡ አሰላ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። በዓመት 207 ቶን የእንስሳ ጥንብና ትራፊ። ያ ጥንብ ሜዳ ላይ ቢከርም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያዛምት ነበር፤ ጅቦቹ ስለበሉት በዓመት 5 ሰውና 140 ከብት፣ በግና ፍየል ከበሽታ ይድናሉ ብለው ገመቱ። የአባ ሰንጋ ጀርም ሰው ይገድላል፤ በአያ ጅቦ ሆድ ግን ያልፋል። ከነዋሪው አብዛኛው ሲጠየቅ «ይጠቅመናል» ብሎ ነው የመለሰው። ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ጓንት የማይፈልግ፣ በሌሊት ፈረቃ ብቻ የሚሠራ ጽዳት ሠራተኛ!

ቀን ቀን ደግሞ የሚያጸዳው ከሰማይ ይመጣ ነበር። ወደ ቄራ እንውጣ።

የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት ቦታው የከተማ ዳር ነበር፤ ዛሬ ከተማው ዙሪያውን ከቦት ጥሎት አልፏል፤ ከጎተራ ወደ ፑሽኪን አደባባይ የሚያልፈው ሰፊ መንገድም በአጠገቡ ነው። እዚያ አካባቢ ያደገ ልጅ ቀና ሲል ሰማዩ ላይ አሞራ ያልነበረበትን ቀን አያስታውስም። አባ ኮዳ ጣሪያ ላይ አንድ እግሩን አጥፎ ይቆማል፤ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎ። ጭላት ደግሞ ከፌስታልህ ውስጥ ሥጋ መኖሩን ካንተ በፊት ያውቃል፤ ከልጅ እጅ ሲነጥቅ ልጁ የሚያለቅሰው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ፣ ክንፉን ሳያራግብ፣ ጥንብ አንሳው ይዞራል።

ጥንብ አንሳው ግን እያለቀ ነው። በአገራችን 6 ቄራዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 የተደረገ ክትትል ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች ከአሥር ሰባት እጅ መቀነሳቸውን አሳየ። በዚያው ዘመን፣ በእነዚያው ቄራዎች፣ ውሻው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ማዕዱ አልተነሣም፤ ተጋባዡ ነው የተቀየረው።

ይህ ነገር ሕንድ ላይ ምን እንዳመጣ ስሙ። እዚያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለከብት ሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ይሰጥ ነበር፤ እኛም ወገባችንን ሲያመን የምንውጠው ነው። በመድኃኒቱ የታከመ ላም ሲሞት የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ እየተበላሸ ረገፈ። በሚሊዮን የሚቆጠር አሞራ ጠፋ። ጥንቡን ውሻ ወረሰው፤ ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ተከተለ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ቢታገድም አሞራው በአዋጅ አልተመለሰም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ መርዝ አለ። የባዘነ ውሻ በዛ ሲባል የድሮው መፍትሔ ስትሪክኒን የተለወሰ ሥጋ መበተን ነበር። እስቲ አብራችሁኝ ቁጠሩ፦ ውሻ በዛ ተብሎ መርዝ ይጣላል፤ የተመረዘውን ውሻ ጥንብ አንሳ ይበላል፤ ጥንብ አንሳው ይሞታል፤ ጥንቡ በላተኛ ያጣል፤ ጥንብ ሲተርፍ ውሻ ይወልዳል፤ ውሻ ሲበዛ፣ በሉ ጨርሱልኝ፣ መርዝ ይጣላል።

አሁን ስለ ቡቺ ላውራችሁ። የትኛው ቡቺ አትበሉኝ፤ በየኮንዶሚኒየሙ አንድ ቡቺ አለ። የኔው ቡቺ ጀሞ ነው፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ። ባለቤት የለውም። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ የሽሮ ፍትፍት ያወርዱለታል፤ ምድር ቤት ያለው ጎሚስታ አጥንት ይጥልለታል፤ ልጆቹ ብስኩት ያካፍሉታል። ነዋሪውን አንድ በአንድ ያውቃል። ቆጣሪ አንባቢን ግን አምርሮ ይጠላል፤ በዚህ ነገር ብቻውን አይደለም።

አንድ ቀን የሌላ ብሎክ ልጅ ተነከሰ። ቡቺ ነው፣ ቡቺ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣና የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፦

«ይህ ውሻ የማን ነው?» አሉ።

ዝም።

«እሺ፤ የሚያበላው ማን ነው?»

አሁንም ዝም። እትዬ መሬት መሬት ያያሉ።

«ባለቤት ከሌለው እንግዲህ ይወገድ» ሲሉ ቤቱ ተናጋ። «እንዴት ይወገዳል! ሌሊት ማን ሊጮህልን ነው?» «ባለፈው የቆጣሪ ገመድ ሊቆርጡ የመጡትን ማን አባረራቸው?» «ጅቡንስ?» የተባባለው ብዙ ነው። ደግነቱ ከነዋሪዎቹ አንዷ ነርስ ናት፤ ተነሥታ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ስለ ውሻው ስንጨቃጨቅ የልጁ ቁስል ታጥቧል ወይ? በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ መታጠብ አለበት፤ ከዚያ ዛሬውኑ ይወሰድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው የለም።» የልጁ እናት «ጠበል ልወስደው ነበር» አሉ። «ጠበሉንም ያግኝ፣ እማዬ፤ መጀመሪያ ግን ክትባቱን።»

ልጁ ተወስዶ ተከተበ። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውን ቤት የከተማው ሰው አሁንም «ፓስተር» ነው የሚለው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የነከሰው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠየቅ ያውቃል። የድሮው ክትባት ሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት የሚወጉት ነበር፤ ታላላቆቻችን ሲያወሩት ፊታቸው ይጨማደዳል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን የሚያስይዘው ውሻ ነው። ቡቺስ? ቡቺን ሁለት ወጣቶች አስረው አስከተቡት። ባለቤት ተብሎ ቅጹ ላይ የተሞላው «ብሎክ» የሚል ነው ብለው ሲምሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሁን ቀልድ አላጣራሁም።

ስለ ኮንዶሚኒየም ካነሣሁ አይቀር፣ እነዚህን ቤቶች የነደፉት ሰዎች አንድ ነገር አስበው ነበር። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በጉን የት ያርዳል? ለዚህ ብለው በየብሎኮቹ መሀል ኮሚናል ሠሩ፤ ማረጃ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ እህል መውቀጫ። በዓለም ላይ የፋሲካን በግ አስቦ የተነደፈ አፓርታማ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ግን ብዙው ኮሚናል ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ኪራይ ቤት ሆኗል። በጉም ተመልሶ ደረጃ መውጣት ጀመረ፤ የበዓል ዋዜማ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሲጮህ ትሰማላችሁ፤ መሬት ላይ ያለው በግ ይመልስለታል።

ተረት ተረት!

የላም በረት በሉኝ እንጂ! ይህኛው በረት ተረት አይደለም፤ መካኒሳ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ አራት የፈረንጅ ድቅል ላሞች ቆመዋል። ባለቤታቸው እማማ ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ የቀረላቸው እነዚሁ ናቸው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደንበኛ ባዶ ሃይላንድ ይዞ ይሰለፋል፤ እማማ ትኩሱን ወተት በማጥለያ እያሳለፉ ይሞላሉ። የእበቱን ሽታ ጎረቤት ይወቅሳል፤ ያው ጎረቤት ሃይላንዱን ይዞ ቆሟል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ የወተት ላም እርባታ ቤቶች ነበሩ፤ ከትልቅ እስከ ትንሽ። ከተማ ሲባል ላም የሌለበት የሚመስለው ሰው በጓሮ በኩል ገብቶ አያውቅም።

ላሞቹ ምን ይበላሉ? ፉሩሽካ፣ ፋጉሎ፣ ድርቆሽ፤ ሁሉም ዋጋው ሰማይ ወጥቷል። ስለዚህ እማማ ሌላ መላ አላቸው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በዓመቱ ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት አጠገብ ወደ ላፍቶ መጣ። የጥቅል ጎመን የውጭ ቅጠል፣ የተቀጠቀጠ ካሮት፣ የጠወለገ ሰላጣ፦ ነጋዴው የሚጥለው ለላም ድግስ ነው። አንድ ጎረምሳ በጋሪ ጭኖ ያመጣላቸዋል። ፒያሳ የነበረው ገበያ እዚህ መምጣቱን ከአስተዳደሩ ቀጥሎ በደንብ የሚያውቁት የመካኒሳ ላሞች ናቸው።

አሁን ሁዳዴን አስታውሱልኝ። ሰው ወተት አይጠጣም። ላም ግን አትጾምም። ጠዋትም ማታም ትታለባለች፤ ካልታለበች ጡቷ ይታመማል። ያ ሁሉ ሰልፍ ይቀራል፤ ሕፃን ያለው፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱና አንድ ሁለት ካፌ ብቻ ይመጣሉ።

«እማማ፣ ታዲያ ወተቱን ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው።

«እንንጠዋለን እንጂ፣ ልጄ። ቅቤ አደርገዋለሁ።»

«ቅቤውንስ?»

«ፋሲካ ሲደርስ የዶሮ ወጥ ያለ ቅቤ የሚሠራ ሴት አለች? ያን ጊዜ እኔ ዋጋ እናገራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ።»

መጽሐፍ ያልጻፈው የንግድ ትምህርት እዚያ በረት ውስጥ አለ። አያ ጅቦ በጾሙ ይራባል፣ አህያዪቱ በጾሙ ትበላለች፣ እማማ በጾሙ ቅቤ ያከማቻሉ፤ አንድ ቀን መቁጠሪያ ነው ሁሉንም የሚያዝዘው።

በረቱ ግን የሚቆይ አይመስለኝም። ከተማው እየተቀየረ ነው። በኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ከሣር ቤት ተነሥቶ በብሥራተ ገብርኤልና በላፍቶ እስከ ፉሪ ድረስ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሏል፣ የወንዝ ዳርቻውም በየቦታው እየጸዳ ነው። እኔ መብራቱን ወድጄዋለሁ፤ ማታ የምትመለስ ሴት ልጅ ያለችው ሰው ሁሉ ይወደዋል። ነገር ግን አያ ጅቦ መብራት አይወድም፤ ቁጥቋጦው ሲነሣ ጎሬውም ይነሣል። ወዴት ሄደ? ወደ ፉሪ ተራራ በኩል ነው የሚሉ አሉ፤ የፉሪ ሰዎችም ይህን ወሬ የሚያወሩት በደስታ አይደለም። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሌማት ትሩፋት ተብሎ ወተት፣ እንቁላልና ማር በየቤቱ እንዲመረት እየተቀሰቀሰ ነው፤ የዶሮ ኬጅ ያልገባበት ግቢ ጥቂት ነው። እማማ ይህን በሬዲዮ ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ላም ለማርባት ቀድሞ የሚያስፈልገው ቦታ ነውና። ልጃቸው ወደ ሰበታ እንሂድ ይላቸዋል። ሰልፈኛው ሃይላንዱን ይዞ ሰበታ ድረስ እንደማይከተላቸው ያውቃሉ።

ከጀሞ ማዶ ያለውን የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን፣ ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ወሬዬ ጎዶሎ ይሆናል። እዚያ ተራራ ላይ ውሻው፣ አባ ኮዳውና ሰው በአንድ ክምር ላይ እየተሻሙ ለቅመው ኖረዋል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ስለ ከተማና እንስሳ ሲወራ ሁልጊዜ እንስሳው ወደ ሰው እንደመጣ አድርገን እናወራለን። ቆሼ ላይ ሰው ነው ወደ አሞራው ማዕድ የሄደው።

እንግዲህ ጾሙ አለቀ፤ ፋሲካ ገባ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው በዶሮ ወጡ ገድፏል፤ የእማማ ቅቤ በተናገሩት ዋጋ አልቋል። ሲነጋ በየደጁ በግ ይታረዳል። ድሮ በዚህ ቀን ቆዳ ገዢው እጁን እያጨበጨበ በየበሩ ይዞር ነበር፤ የበጉ ቆዳ የሽንኩርቱን ወጪ ይመልስ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዋጋው ወድቆ የሚጠይቅ ጠፋ። ቆዳ አሁን ቆሻሻ ነው።

አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ገና ትኩስ የሆነ ቆዳ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ብሎኩ ጥበቃ መጣ።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረስዎ። ቆሻሻ መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ማክሰኞ ነው።»

«እማዬ ይሸታል፣ ቤት አይደርም ብላለች። የት ላድርገው?»

ጥበቃው ፌስታሉን አዩት፤ ወደ ወንዙ በኩል አዩ።

«ከአጥሩ ውጪ አስቀምጠው፣ ማሙሽ። ማታ ባለቤቱ ይወስደዋል።»

ማክሰኞ መኪናው ሲመጣ የጫነው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዶሮ ላባና ባዶ ሃይላንድ ነበር።